የደረቀ ትከሻን በእጅ ማላላት፦ ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሽ ነገር ነው። ነጠላን ወደ ኋላ መወርወር ያቅታል። ፀጉር ለማበጠር እጅ አልነሣ ይላል። ከኋላ ኪስ ገንዘብ ማውጣት ጭንቅ ይሆናል። "ብርድ መትቶኝ ነው" ይባላል፤ "ተኝቼበት ነው" ይባላል። ጥቂት ቀን በቅባት ይታሻል። ሁለት ሦስት ወር ሲያልፍ ሌሊቱ እየከፋ ይመጣል፤ በዚያ ጎን መተኛት አይታሰብም። ከዚያ ሕመሙ ጋብ ሲል ደግሞ እጁ ከትከሻ በላይ አልሄድ ብሎ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ ይሄ የደረቀ ትከሻ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ትከሻ በእጄ ያልገባበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ታማሚዎቹ ከእኔ ጋር የሚቆዩት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ቤታቸው ናቸው። ስለዚህ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት ወይም እህት አብረው ሲመጡ ደስ ይለኛል። እጃቸውን ይዤ አሳያቸዋለሁ። ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

ለማስረዳት እንዲቀለኝ እናታችሁን እየረዳችሁ ነው ብዬ ልነሣ። አባት ወይም ባለቤት ቢሆኑም ሥራው ያው ነው። ደጋግሜ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ የደረቀ ትከሻ በጉልበት አይከፈትም። የደረቀ ጠፍርን አስቡት። በአንድ ጊዜ ብታጥፉት ይሰነጠቃል። አርጥባችሁ፣ እያሻችሁ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስታለሰልሱት ግን ይታዘዛል።

ውስጡ ምን ሆኖ ነው?

የክንድ አጥንት የላይኛው ጫፍ ክብ ነው፣ እንደ ኳስ። የሚያርፍበት ቦታ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። ዙሪያውን ቀጭን ከረጢት ይሸፍነዋል። ጤነኛ ሲሆን ይሄ ከረጢት ብብት ሥር ላላ ብሎ እንደታጠፈ ጨርቅ ይንጠለጠላል። እጅ ሲነሣ እጥፋቱ ይዘረጋል። ትከሻ ሲደርቅ ከረጢቱ መጀመሪያ ይቆጣል፤ ከዚያ ይወፍራል፣ ይኮማተራል። እጥፋቱም ይጠፋል። ኳሱ የሚንሸራተትበት ቦታ ያጣል።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን በ1934 "ፍሮዘን ሾልደር" የሚለውን ስም ሰጠው፤ በረዶ የሆነ ትከሻ ለማለት። እኛ "ደረቀ" ነው የምንለው፤ የእኛ ቃል ለበሽታው የበለጠ የሚቀርብ ይመስለኛል።

በብዛት የሚይዘው ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉ ሰዎችን ነው፤ ሴቶችን ደግሞ ይበልጥ። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይጋለጣሉ። የታይሮይድ ችግርም አብሮት ይታያል። እጅ ተሰብሮ ወይም የጡት ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይም ይመጣል። ስኳር ተለክቶ የማያውቅ ሰው ትከሻው ያለ ምክንያት ከደረቀ ስኳሩን እንዲለካ እመክራለሁ።

ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሕመም ጊዜ ነው፤ ከ2 እስከ 9 ወር ሊቆይ ይችላል። ቀጥሎ የመድረቅ ጊዜ ይመጣል፤ ከ4 እስከ 12 ወር። ሕመሙ ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴው ግን ይቆለፋል። የመጨረሻው የመላላት ጊዜ ነው፤ ከ5 ወር እስከ 2 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ደረጃዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ አሁን የሚበልጠው ሕመሙ ነው ወይስ ድርቀቱ? እጃችሁ ምን ያህል እንደሚጫን የሚወስነው መልሱ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይያቸው። ራጅ አንድ ጊዜ መነሣቱ ጥሩ ነው። በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለ፤ አንድ ቀን ሄዶ መታየት ብዙ ስህተት ያድናል።

እናንተም ቤት ውስጥ አንድ ነገር ማየት ትችላላችሁ። እናታችሁ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ክርናቸውን ከጎናቸው ያስጠጉ፣ በ90 ዲግሪ ያጥፉት። ክርኑ ከጎን ሳይለቅ መዳፋቸውን ወደ ውጭ ይክፈቱ፣ በር እንደሚከፈት። ጤነኛው እጅ ወደ ውጭ በደንብ ይሄዳል። የደረቀው ትንሽ ሄዶ ቀጥ ይላል። አሁን እናንተ ቀስ ብላችሁ አግዟቸው። በእናንተም እጅ እዚያው ከቆመ የመድረቅ ምልክት ነው። እሳቸው ማንሣት አቅቷቸው እናንተ ስታነሡት ግን እስከ ጥግ ከሄደ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ምናልባት ጅማት ተበጥሷል። ለዚያ ይሄ መመሪያ አይሆንም።

የሚከተሉት ካሉ እጃችሁን አታሳርፉ፤ ሕክምና ቦታ ውሰዷቸው። ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ከሆነ። ትከሻው ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ካለ። ክብደት እየቀነሰ፣ ሌሊት ላብ እያጠመቃቸው ከሆነ፤ ቲቢ መገጣጠሚያ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል አትርሱ። ከዚህ በፊት ካንሰር ታክመው ከሆነ። እጃቸው ከደነዘዘ ወይም ከዛለ። ረጅም ጊዜ የስቴሮይድ ኪኒን የወሰዱ ወይም አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ላይም ያለ ባለሙያ አትሥሩ። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ለሰከንድም አትቆዩ።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። የሚጥል በሽታ ከጣለው ወይም ኤሌክትሪክ ከያዘው በኋላ ትከሻው የተቆለፈ ሰው፣ ክንዱ ወደ ኋላ ወልቆ ሊሆን ይችላል። ሲታይ ልክ የደረቀ ትከሻ ይመስላል። በራጅም ካልተጠነቀቁ ያመልጣል። እንዲህ ያለውን ትከሻ ማሸት አደጋ ነው።

መለካት

ሳትለኩ አትጀምሩ። ለውጡ ከቀን ወደ ቀን አይታይም፤ ሰውም "ምንም ለውጥ የለም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል።

ሦስት ነገር ለኩ። አንደኛ፣ እናታችሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመው ጣታቸውን በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ያስኪዱ። በደረሱበት ፕላስተር ለጥፉ፣ ቀኑን ጻፉበት። እግራቸው የቆመበትንም ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛ፣ ቅድም ያልኩትን መዳፍን ወደ ውጭ መክፈት ከላይ በስልክ ፎቶ አንሡት። ሦስተኛ፣ እጃቸውን ወደ ጀርባ ይውሰዱ፤ አውራ ጣታቸው የት ደረሰ? መቀመጫ ላይ ነው? ቀበቶ ላይ? የጡት መያዣው መስመር ላይ? ጻፉት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል። በየቀኑ መለካት ሰውን ወደ ውድድር ይከታል።

የሕመሙ ደንብ

እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ከእናታችሁ ጋር ተስማሙ። ሕመምን ከ0 እስከ 10 ይስጡት። ጨርሶ ከሌለ 0፣ የማይቻል ሲሆን 10። ስትሠሩ ከ3 ወይም ከ4 ማለፍ የለበትም። "ተው" ካሉ ወዲያው ትለቃላችሁ። "ትንሽ ይቻሉት እንጂ" የሚባል ነገር የለም። የእኛ እናቶች ደግሞ ሕመም ይደብቃሉ። አፋቸውን አትስሙ፣ ፊታቸውን እዩ። ቅንድብ ከተሰበሰበ፣ ትንፋሽ ከተያዘ፣ የእግር ጣት ከታጠፈ፣ አልፋችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ደንብ ከሥራው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የቀሰቀሳችሁት ሕመም በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ሌሊቱን እንቅልፍ ከነሣቸው በማግስቱ ግማሹን ቀንሱ።

ይሄን በጣም የማጠብቀው ምክንያት አለኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ አስተማሪ መጡ። ሕመሙ ገና ትኩስ ነበር። እኔ ግን ድርቀቱን ብቻ ነበር ያየሁት። ገፋሁት። ክፍሉ ውስጥ እያሉ እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ፤ ሁለታችንም ደስ አለን። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ክንዳቸውን በሌላኛው እጃቸው ታቅፈው ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኙም። ወደነበርንበት ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ያን ቀን ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

ይሄ የእኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በ2004 ኔዘርላንድ ውስጥ የወጣ ጥናት 77 ታማሚዎችን ሁለት ዓመት ተከትሏል። በሕመም ልክ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ከሠሩት ውስጥ 89 በመቶው ወደ ጤነኛ ወይም ወደዚያ የቀረበ ትከሻ ተመለሱ። ከሕመሙ ገደብ አልፎ በኃይል ከተሳበላቸው ውስጥ ግን 63 በመቶው ብቻ ናቸው።

ማዘጋጀት

ለ10 ደቂቃ ሞቅ ያለ ነገር ትከሻው ላይ አድርጉ። የሙቅ ውሃ ከረጢት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልሉ። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ቆዳቸው ሙቀት ላይሰማው ይችላል፤ መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ሞክሩት።

አልጋው ጠንከር ያለ ይሁን። መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታችሁ መሥራትም ትችላላችሁ፤ ግን እናንተ ጉልበታችሁ ሥር ትራስ አድርጉ፤ ጀርባችሁ ከታመመ ነገ አትመለሱም። ጥፍራችሁን ቁረጡ። እጃችሁን አሙቁ። ቀዝቃዛ እጅ ያረፈበት ጡንቻ ወዲያው ይቆጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትታገሉት ከጡንቻው ጋር ነው እንጂ ከከረጢቱ ጋር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ጠፍጣፋውን አጥንት ማንቀሳቀስ

እናታችሁ በጤነኛው ጎን ይተኙ። የታመመው እጅ ከፊታቸው ትራስ ላይ ይረፍ። እናንተ ፊት ለፊታቸው ሁኑ። አንድ እጃችሁን ትከሻቸው አናት ላይ አድርጉ። ሌላኛውን ከጀርባ በኩል፣ የጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ። አሁን ትከሻውን በሁለት እጃችሁ መሐል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጆሮ ውሰዱት፣ ወደ ዳሌ መልሱት። 10 ጊዜ። ከዚያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ 10 ጊዜ። በመጨረሻ በክብ።

ይሄ አያምም። ብዙዎቹ እንደውም እዚህ ላይ ነው ትንፋሻቸውን የሚለቁት። ወራት ሙሉ ትከሻቸውን ወደ ጆሮ ሰቅለው ነው የከረሙት፤ ማጅራታቸው ድንጋይ ሆኗል። ያ ትንፋሽ እስኪመጣ ጠብቁ። ሳይመጣ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ክንዱን ሳብ ማድረግ

አሁን በጀርባቸው ይተኙ። ክንዳቸው ከጎናቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ትራስ ላይ ይረፍ። በሁለት እጃችሁ ከክርን በላይ ያዙ። እንደ ሰው እጅ ሳይሆን እንደ ሕፃን ራስ ያዙት። ወደ እግራቸው አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉ፣ ልቀቁ። ሳብ፣ ልቀቅ። ለግማሽ ደቂቃ። አርፋችሁ ድገሙት፣ ሦስት ጊዜ። የምትስቡት ኳሱን ከተቀመጠበት ነቀል ለማድረግ አይደለም። ትንሽ ክፍተት ለመስጠት ያህል ነው።

ሕመሙ ከድርቀቱ በሚበልጥበት ጊዜ እዚህ ላይ አቁሙ። ደረጃ 1ና ደረጃ 2ን ለሳምንታት ብቻ ብትሠሩ ጊዜ አላባከናችሁም።

ደረጃ 3፦ ኳሱን ወደ ኋላ መግፋት

ዋናው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

የደረቀ ትከሻ ከሁሉ በላይ የሚያጣው ወደ ውጭ መዞርን ነው። በድሮው ትምህርት እጁ ወደ ውጭ እንዲዞር ኳሱን ወደ ፊት ግፉ ይባል ነበር። በ2007 የወጣ አንድ ትንሽ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አወዳደረ። 20 ሰዎች ነበሩ። ኳሱ ወደ ኋላ የተገፋላቸው ወደ ውጭ መዞራቸው በአማካይ በ31 ዲግሪ ገደማ ተሻሻለ። ወደ ፊት የተገፋላቸው በ3 ዲግሪ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን በእጄ ከማየው ጋር ይገጥማል።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ፎጣ አጥፉና ከጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ሥር አስገቡ። ፎጣው ከአጥንቱ ሥር እንጂ ከኳሱ ሥር አይሁን፤ ኳሱ ወደ ኋላ የሚሄድበት ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ክንዱ ከጎን ራቅ ብሎ፣ ክርኑ ታጥፎ፣ ትራስ ላይ ይሁን።

አሁን ቦታውን ፈልጉ። ጣታችሁን ትከሻው አናት ላይ፣ ዳር ላይ አድርጉ። ከዚያ በፊት በኩል ሁለት ጣት ያህል ውረዱ። ድቡልቡል ነገር ታገኛላችሁ። ክርናቸውን በሌላ እጃችሁ ቀስ ብላችሁ ብታዞሩት ከጣታችሁ ሥር ሲንከባለል ይሰማችኋል። እሱ ነው። ከእሱ ወደ ደረት ስትጠጉ ሹል ብላ የምትነካ አጥንት አለች። እሷ ላይ አትጫኑ፤ ጤነኛ ሰውም ያመዋል።

የመዳፋችሁን ተረከዝ ኳሱ ላይ አሳርፉ። በጣት አትውጉ። ወደ አልጋው፣ ትንሽም ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ተጫኑ። አቮካዶ መብሰሉን ለማየት የምትጫኑትን ያህል። ልቀቁ። እንደገና። በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ፣ ለግማሽ ደቂቃ። ክርናችሁን ቀጥ አድርጉና በሰውነታችሁ ክብደት ሥሩት፤ በጡንቻ ከገፋችሁ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ እናታችሁም ያውቁታል። አርፋችሁ ሦስት ጊዜ ድገሙ።

ጄፍሪ ማይትላንድ የተባለው አውስትራሊያዊ ፊዚዮቴራፒስት እንዲህ ያለውን ግፊት በአራት ደረጃ ከፍሎታል። አንደኛው ገና መነሻው ላይ ያለ ትንሽ ግፊት ነው። ሁለተኛው ሰፋ ይላል፣ ግን ገደቡን አይነካም። ሦስተኛው ገደቡ ድረስ ይገባል። አራተኛው ገደቡ ላይ ሆኖ ትንሽ ትንሽ ይገፋል። አንደኛውና ሁለተኛው ሕመም ያበርዳሉ። ሦስተኛውና አራተኛው ድርቀት ይከፍታሉ። ቤት ውስጥ የእናንተ ድርሻ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እጃችሁ ከሥሩ "ቆም" የሚል ነገር ሲሰማው እዚያ ጋ ይመለስ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ለባለሙያ ተዉለት።

ደረጃ 4፦ ወደ ውጭ ማዞር

ፎጣውን አውጡ። ክርናቸው ሥር ትንሽ ፎጣ አድርጉ። ክርኑ ከጎን አይራቅ፣ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ። በአንድ እጃችሁ ክርኑን፣ በሌላው ከእጃቸው አንጓ በላይ ያዙ። መዳፋቸውን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ ክፈቱት። መጀመሪያ ሲከብድ ቁሙ።

አሁን እንዲህ በሏቸው፦ "እማዬ፣ እጄን ወደ ሆድሽ ገፋ አድርጊው፣ ትንሽ ብቻ።" ወይም አንቱ ከሆኑ "ይግፉት"። እናንተ አትልቀቁ፣ አትግፉም። 5 ሰከንድ። ከዚያ "በቃ፣ ተንፍሺ።" ሲተነፍሱ ጡንቻው ይለቃል፤ እጃችሁ ሳትገፉ ጥቂት ዲግሪ ሲያልፍ ታያላችሁ። ያ አዲሱ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆዩ። ሕመሙ ገና ያለ ከሆነ ከ5 ሰከንድ አትበልጡ። ከአራት እስከ አምስት ጊዜ ድገሙት።

አንዲት እናት በዚህ ደረጃ ላይ ሳሉ ድንገት "ልቀቂኝ፣ ልቀቂኝ" አሉ፤ ልጃቸው ደንግጣ ለቀቀች። አላመማቸውም። ነጠላቸውን ራሳቸው ሊሞክሩት ነበር የፈለጉት። ጫፉ ትከሻቸውን አልፎ አልሄደም፣ ግን ከባለፈው ሳምንት ይልቅ ከፍ ብሎ ጆሯቸው ድረስ ተጠግቶ ነበር።

ደረጃ 5፦ ያገኙትን ራሳቸው ይጠቀሙበት

እጅ የከፈተው ቦታ ካልተሠራበት መልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ከአልጋ እንደተነሡ ሦስት ነገር ይሥሩ።

አንደኛው ማወዛወዝ ነው። በጤነኛው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ የታመመው እጅ ይንጠልጠል። በሰውነታቸው እየተወዛወዙ እጁ ራሱ ይዙር፣ እንደ ጥና። ይሄም ከኮድማን የመጣ ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፦ ተቀምጠው መዳፋቸውን ፎጣ ላይ አድርገው ወደ ፊት ያንሸራቱት፣ ደረታቸውም ይከተለው። 10 ጊዜ። ሦስተኛው በመጥረጊያ እንጨት ነው። ክርኖቹ ከጎን ሆነው እንጨቱን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ጤነኛው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ ይግፋው። 10 ጊዜ።

እጅን ወደ ጀርባ በነጠላ ወደ ላይ መሳብ ብዙ ሰው በመጀመሪያ ቀን ይሠራዋል። ተዉት። ሕመሙ በሚገባ እስኪወርድ ድረስ ትከሻውን መልሶ ያስቆጣዋል።

ስንት ጊዜ?

እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩት በቀን አንድ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ይበቃል። እሳቸው ራሳቸው የሚሠሩት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ። አንድ ቀን ተነሥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ከመሥራት በየቀኑ ትንሽ ይሻላል። ሌሊት በታመመው ጎን አይተኙ። በጀርባቸው ከተኙ ከክርናቸው ሥር ትራስ ያድርጉ፤ ክንዱ ወደ ኋላ ሲወድቅ ነው ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው።

የቤት ሥራውን ሁሉ አትከልክሏቸው። ከትከሻ በታች ያለው ሁሉ ይሠራ። ከባድ አክምባሎ ማንሣት፣ እንስራ መሸከም፣ ከላይ መደርደሪያ ማውረድ ይቆይ። እጅን በአንገት ማንጠልጠል ግን አይጠቅምም፤ ድርቀቱን ያፋጥነዋል።

ወጌሻስ? መርፌስ?

ይሄን ሳይጠይቀኝ የሚሄድ ሰው የለም።

ብዙ ወጌሻ የሰው አካል በእጁ የሚያነብ ሰው ነው፤ አከብራለሁ። የደረቀ ትከሻን ግን በአንድ ጉተታ "ለመመለስ" የሚሞክር ካለ አትፍቀዱ። አልወለቀም፣ የሚመለስ ነገር የለም። የሳሳ አጥንት ያላቸው ትልልቅ ሰዎች በእንዲህ ያለ ጉተታ ክንዳቸው ሊሰበር ይችላል። ማሸት ብቻ ከሆነ፣ ቀስ ተብሎ ከሆነ፣ ጉዳት የለውም።

ሕመሙ ገና በበረታበት ጊዜ ሐኪም መገጣጠሚያው ውስጥ የኮርቲዞን መርፌ ሊወጋ ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመምን በማስታገስ መርፌው ከእጅ ሥራ ይበልጣል። ለዚያ ነው መርፌውን ከእጅ ሥራና ከእንቅስቃሴ ጋር አብሮ መስጠት የተለመደው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከመርፌው በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ስኳራቸው ከፍ ሊል ስለሚችል አዘውትረው ይለኩ።

በሰመመን ትከሻውን መክፈት ወይም ከረጢቱን በትንሽ ቀዳዳ መቁረጥም አለ። በ2020 የወጣ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት 503 ሰዎች ላይ ሦስቱን አወዳድሯል፦ በሰመመን መክፈት፣ በቀዶ መልቀቅ፣ እና መርፌ ያለው የፊዚዮቴራፒ ፕሮግራም። ከዓመት በኋላ አንዱ ከሌላው ይሄ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ወደ ቀዶ አትቸኩሉ። ለስድስት ወር ያህል በደንብ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ ያለው ፕላስተር ካልተነቃነቀ፣ ያን ጊዜ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አንዱ ትከሻው የደረቀበት ሰው ከዓመታት በኋላ ሌላኛውም ሊደርቅበት ይችላል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የጤነኛውንም እጅ ምልክት አድርጉ፤ በወር አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ከምልክቱ አንድ ጣት እንኳ ዝቅ ካለና ሌሊት ማሳመም ከጀመረ፣ ቅባት እየቀቡ ሦስት ወር አትጠብቁ።